በሽተኛ ውሻን በአደራ ስለ መጠበቅ

ልጆች ሆይ፤ አደራ ማለት የሌላውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ እንደ ራስ ገንዘብ ጠብቆ፣ ጊዜው ሲደርስ መመለስ ነው። አደራ የሚሆነው ብርና ልብስ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ያለው እንስሳም አደራ ይሆናል። ጌታ የሌለው፣ የቆሰለ ወይም የታመመ ውሻ ሲገኝ፣ የሚኖርበት ቤት እስኪያገኝ ድረስ አንድ ደግ ሰው ተቀብሎ ያስታምመዋል። ይህም ታላቅ አደራ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ውሻ የበግ ጠባቂ ነው። ጅብ በሌሊት ወደ በረት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። ብርድ በጸናበት ደጋ ጌታው በቤት ውስጥ ሲተኛ እርሱ በውጭ ያድራል። ነገር ግን እግሩ የተሰበረ ወይም ዓይኑ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰው «ከእንግዲህ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ያባርረዋል። ያገለገለንን በድካሙ ጊዜ መጣል ግን ውለታን መርሳት ነው። ድሀው አልዓዛር በባለጠጋው ደጅ ወድቆ ሳለ፣ ቍስሉን ይልሱለት የነበሩት ውሾች እንደ ሆኑ በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል።

ሆኖም ጥበብ የሌለው ርኅራኄ ጉዳት ያመጣል። የማታውቁትን ውሻ በእጃችሁ አትንኩ፤ ለአባታችሁ ወይም ለመምህራችሁ ንገሩ እንጂ። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋልና። በዚህ በሽታ የተያዘ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል፤ ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ሰውነቱ ሽባ ይሆናል። በሽታው በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ነው። ምልክቱ ሳይታይ የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ልጅ ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ይሂድ። ጸሎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም መሄድን አያዘገይ። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው በ1877 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ነበር።

ውሻው ወደ ቤት ከገባ በኋላ አስታማሚው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይየውና ይከተብ። ለብቻው በደረቅና ነፋስ በማይገባበት ስፍራ ይተኛ፤ አሮጌ የሱፍ ባና ቢነጠፍለት ብርዱን ይችላል። በረኃብ የከሳ ውሻ በአንድ ጊዜ ጠግቦ ቢበላ ይታመማል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በቀን ደጋግሞ ይሰጠው። ንጹሕ ውሃ ዘወትር በፊቱ ይኑር። የተሰበረ እግሩን ማንም አይጐትት፤ ሐኪም ይጠገነው። ለሰው የተሠራ መድኃኒትም አይሰጠው፤ ሰውን የሚያድን ክኒን ውሻን ሊገድል ይችላልና።

በግ ሲታረድ በሳንባው ወይም በጕበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ቢገኝ፣ ያ ሥጋ ተቃጥሎ ወይም በጥልቅ ተቀብሮ ይጥፋ እንጂ ለውሻ አይጣል። በእባጩ ውስጥ ያለው በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ የትሉም እንቍላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። እንቍላሉ በእጅ ወይም በምግብ ወደ ሰው አፍ ቢገባ፣ በሰውም ጕበትና ሳንባ እንዲሁ ያለ እባጭ ያበቅላል። ስለዚህ ውሻን የነካ እጁን ሳይታጠብ አይብላ።

ዕውር ውሻን ለሚጠብቅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የውሃውና የመኝታው ስፍራ አይለወጥ፤ ውሻው መንገዱን በልቡ ያጠናዋልና። ከመንካታችሁ በፊት በድምፅ ጥሩት፤ ሳያውቅ የተነካ ውሻ ደንግጦ ይናከሳል። ባለ ሦስት እግር ውሻም ቢሆን ይለምደዋል፤ በሩጫ ባይቀድምም ጮኾ ሌባን ያስታውቃል።

አሁን ደግሞ የውሻ ዘመድ የሆነውን የቀይ ቀበሮን ነገር ስሙ። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች አንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። የዱር አራዊት ጠባቂዎችና ሐኪሞች ወስደው 51 ቀን አስታመሙት፤ ስሙንም ተረፈ አሉት። በዳነ ጊዜ ስለ ወደዱት በጓዳ አላስቀሩትም፤ ወደ ተራራው ለቀቁት እንጂ። እርሱም በኋላ ከሴት ቀበሮ ጋር ተጣምሮ ግልገሎች አፈራ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 ያነሱ ናቸው። ስለዚህ የአንዱ መዳን ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ለመንዝ ልጆች የቅርብ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ በመንዝ ጓሳም ይኖራልና። የጓሳን ሣር የመንዝ አባቶች በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቀውታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማንም እንዳያጭድና ከብት እንዳያሰማራ ይዘጉት ነበር። ያልተከተበ ውሻ በዚያ ቢንከራተት ግን በሽታውን ለቀበሮዎቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እንግዲህ አንዱን ውሻ አስከትቦ በቤት የሚጠብቅ ሰው፣ ጎረቤቱንም የጓሳንም ቀበሮ ይጠብቃል።

የአደራ ጠባቂ ፈተናው ሁለት ነው። የመጀመሪያው መሰልቸት ነው፤ ሦስት ቀን አስታሞ በአራተኛው የሚተው ሰው፣ ውሻውን ሁለተኛ ጊዜ ያቈስለዋል። ሁለተኛው ለራስ ማስቀረት ነው፤ መልካም ቤት ሲገኝለት «አልሰጥም» የሚል፣ ለሌላው በሽተኛ የሚሆነውን ስፍራ ይዘጋል። ልጆች ሆይ፤ ለታመመ እንስሳ ራሩ፤ ከታላላቆቻችሁ ጋር በጥንቃቄ አስታሙ፤ የጀመራችሁትን ፈጽሙ፤ ጊዜው ሲደርስም ለሚኖርበት ቤት በደስታ ስጡ። በጥቂቱ አደራ የታመነ ልጅ ባደገ ጊዜ በብዙው ይታመናል።