ሶፍትዌር እንግዛ ወይስ እናሠራ? ለነጋዴ ወንድሞችና እህቶች



ባለፈው ረመዳን መርካቶ ጫማ በጅምላ የሚሸጠው የአክስቴ ልጅ ዘካውን እንዳሰላለት ወደ ሱቁ ጠራኝ። የዕቃውን ዝርዝር ከኮምፒዩተር አውጥቶ ሰጠኝ። ድምሩ 2 ሚሊዮን ብር ይላል። «ይህ የገዛህበት ዋጋ ነው ወይስ ዛሬ የምትሸጥበት?» ብዬ ስጠይቀው የሒሳብ ሠራተኛዋን ጠራት። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው የተገዛበትን ዋጋ መሆኑን ነገረችን። በዕለቱ የገበያ ዋጋ ስናሰላው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ሆነ። ዘካው በመጀመሪያው ስሌት 50 ሺህ፣ በሁለተኛው 65 ሺህ ብር ነው። በመካከል ያለው 15 ሺህ ብር የድሆች ሐቅ ነው።

ዘመዴ ደነገጠ። «ይሄ የፈረንጅ ሶፍትዌር ለእኛ የተሠራ አይደለም፤ ለራሴ የሚሆን አሠራለሁ» አለ። ዋጋ ያቀረበለት ድርጅትም ነበር። ዒድ እስኪያልፍ እንዲታገሥ ለመንኩትና ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውይይት ፍሬ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ዝግጁ ሶፍትዌር ማለት አንድ ድርጅት ለብዙ ተጠቃሚ አንድ ዓይነት አድርጎ ሠርቶ የሚሸጠው ነው። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የታወቁት ፒችትሪ (ዛሬ ሴጅ 50 ይባላል) እና ኩዊክቡክስ ምሳሌ ናቸው። ስንገዛ የምናገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ የሶፍትዌሩን ባለቤትነት አይደለም። በትእዛዝ የሚሠራው ግን ባለሙያው የእኛን አሠራር አጥንቶ ለእኛ የሚጽፈው ነው።

ጀለቢያ ከሱቅ መግዛትና ልብስ ሰፊ ዘንድ ተለክቶ ማሰፋት ማለት ነው። የተገዛው ዛሬውኑ ይለበሳል፤ ሌሎች ለብሰውት ስለምናይም ጉድለቱን እናውቃለን። የሚሰፋው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጨርቁ ከተቀደደ በኋላ ነው የሰፊውን ችሎታ የምናውቀው።

ከሥራችን ስንቱ የእኛ ብቻ ነው?

ከዘመዴ ጋር መጀመሪያ ያደረግነው ሥራውን በሙሉ በወረቀት መዘርዘር ነው። ግዢ፣ ሽያጭ፣ መጋዘን፣ የዱቤ መዝገብ፣ የ15 በመቶ ቫት፣ ደመወዝ፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ የሚከፈለው የጡረታ መዋጮ፣ የባንክ ሒሳብ። ይህ ሁሉ የጎረቤቱም ሥራ ነው። ሌላው የሠራውንና የተፈተነውን እንደገና ከባዶ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እንኳ ዋናውን የባንክ ሥርዓቱን የሚያካሂደው ቴሜኖስ ከተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በገዛው ሶፍትዌር ነው።

የእሱ ብቻ ሆነው የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ዘካውና ከባለ ገንዘቡ ጋር ያለው የሙዳራባ ትርፍ ክፍፍል።

የዘካው ጉዳይ የሶፍትዌሩ ስህተት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደንብ ዕቃ በተገዛበት ዋጋ እንዲመዘገብ፣ የሚሸጥበት ዋጋ ከዚያ ከወረደ ብቻ ዝቅ እንዲል ያዛል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ደግሞ የንግድ ዕቃ ዘካ የሚሰላው ዓመቱ በሞላበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ነው ይላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ስለሆኑ መልሳቸውም ይለያያል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የዕቃውን ብዛት ከሶፍትዌሩ ወደ ኤክሴል አውጥተን በዕለቱ ዋጋ አባዛነው። ግማሽ ቀን ፈጀ። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ ዘካውን በፀሐይ አቆጣጠር የሚዘጋ ነጋዴ በ2.5 ፋንታ 2.577 በመቶ ማስላት እንዳለበትም እዚያው ጻፍነው። የሙዳራባው ትርፍም በዓመት አንድ ጊዜ በስምምነቱ መሠረት የሚካፈል ስለሆነ አንድ ገጽ በቃው።

ስለዚህ መለኪያችን ይህ ይሁን፦ በዓመት አንድ ቀን የሚያስቸግረን ነገር ሶፍትዌር አያሠራም። በየቀኑ የሚያስቸግረን ግን ሊያሠራ ይችላል። ለምሳሌ ለክፍለ ሀገር ደንበኞች በየዕለቱ በዱቤ የሚልክ፣ ክፍያውን በአምስት ባንክና በቴሌብር የሚቀበል፣ ማን ምን እንደከፈለ ለመለየት ሁለት ሠራተኛ የመደበ ነጋዴ አለ። ለእሱ ይህችን ሥራ ብቻ የምትሠራ አነስተኛ ሶፍትዌር ማሠራት ያዋጣዋል። ዋናው ሒሳብ ግን በዝግጁው ይቀጥል።

የሊድል ትምህርት

ዝግጁውን ገዝቶ በግድ የራስ ማድረግም አደጋ አለው። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ሊድል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኤስኤፒን ሶፍትዌር ሲያስገባ ቆየ። ሊድል ዕቃውን የሚመዘግበው በግዢ ዋጋ ሲሆን የሶፍትዌሩ መደበኛ አሠራር በመሸጫ ዋጋ ነበር። ኩባንያው ልማዱን አልተወም፤ ሶፍትዌሩ እንዲለወጥለት ጠየቀ። ለውጥ በለውጥ ላይ ተደረበ፤ ወጪውም ናረ። በ2018 ሥራው ሲቋረጥ ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ እንደወጣበት ተዘግቧል። ከዘመዴ ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የግዢ ዋጋ ወይስ የመሸጫ ዋጋ! ዝግጁ ሶፍትዌር ስንገዛ አንዳንድ ልማዳችንን ለመለወጥ ካልተዘጋጀን ባንገዛው ይሻላል።

መካከለኛ መንገድም አለ። ኦዱ የተባለው የቤልጂየም ሶፍትዌር ነፃ እትም እና የሕንዱ ኢአርፒኔክስት ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ባለሙያ በፈለግነው ልክ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ነፃ ማለት ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። የሚተክለው ባለሙያ፣ ሰርቨሩና ሥልጠናው ይከፈልባቸዋል።

የማይታየው ወጪ

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ነው። የአምስት ዓመቱን አስሉ። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ሶፍትዌር፣ የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ምን ያህል እንደጨመረ የሚከፍሉት ያውቁታል። በትእዛዝ የተሠራው ደግሞ የግብር ሕግ በተለወጠ ቁጥር የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው ይከፈለዋል።

የተሰበረ ኮፒ በርካሽ ጭኖ መሥራትም እንደ ሦስተኛ አማራጭ አይቆጠር። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ የአእምሮ ሥራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ነው ሲል ወስኗል። ሌላም እንጠንቀቅ፤ አንዳንድ የሒሳብ ሶፍትዌሮች በዘገየ ዕዳ ላይ ወለድ የሚጨምር አሠራር አላቸው። ሠራተኛችሁ እንዳይጠቀምበት ከመጀመሪያው ንገሩት።

ካሠራን ውሉ ይጻፍ

መምህር ሳለሁ የነበርኩበት ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ በአንድ ወጣት አሠርቶ ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ወጣቱ ወደ ውጭ አገር ሄደ። በሴሚስተር ማብቂያ ሲስተሙ ቆመ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ፣ ኮዱን የያዘ ማንም አልነበረም። የአንድ ሺህ ገደማ ተማሪዎችን ካርድ ሌሊት በእጃችን ጻፍን። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ የተጻፈ ውል አልነበረውም።

ዕዳን መጻፍ በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ የታዘዝን ሕዝቦች ነን። ለሚሠራ ነገር ደግሞ ፊቅሃችን ኢስቲስናዕ የሚባል ውል አለው። ፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1992 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ውሉ ሁለቱንም ወገን እንደሚያስገድድ፣ የሚሠራው ነገር ዓይነት፣ መጠንና ባሕርይ መገለጽና የጊዜ ገደቡ መወሰን እንዳለበት፣ ክፍያው በየደረጃው ሊሆን እንደሚችል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ካልገጠመ በስተቀር የቅጣት አንቀጽ ማስገባት እንደሚቻል ገልጿል። ለሶፍትዌር ስንመነዝረው፦

1. ሶፍትዌሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ነገር በዝርዝር ይጻፍ። «ዘመናዊ የሽያጭ ሲስተም» የሚል ቃል ለጭቅጭቅ በር የሚከፍት ገረር ነው።
2. ክፍያው ሥራው ታይቶና ተሞክሮ በየደረጃው ይሁን።
3. ኮዱ፣ የይለፍ ቃሎቹና መረጃው የማን እንደሆኑ፣ መቼ ርክክብ እንደሚደረግ ይጻፍ።
4. ከርክክብ በኋላ ጥገናው ለስንት ወር፣ በስንት ብር እንደሆነ ይወሰን።
5. መረጃው በኤክሴል መውጣት ይችል። ይህን ከዝግጁ ሶፍትዌር ሻጭም ጠይቁ፤ መውጫ የሌለው ቤት አይገባም።

የአክስቴ ልጅ ያንን ሁሉ ገንዘብ አላወጣም። ሶፍትዌሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ አለ። የዘካው ሰንጠረዥ በኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ባለፉት ዓመታት በግዢ ዋጋ ያሰላውንም መልሰን እያሰላን ነው። ጎዶሎ ሆኖ የተገኘውን ለባለ ሐቆቹ መክፈል ጀምሯል። አላህ ይቀበለው።

ወላሁ አዕለም።