የእንግዳ ማዕድና የምግብ ጥናት መጠይቅ በዋግ ኽምራ

በፃግብጂና በአካባቢው ደጋማ ቀበሌዎች ወደ ገበሬ ቤት የሚዘልቅ አጥኚ ራሱን የሚቆጥረው መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን አስቀድመው የሚቀበሉት እንደ እንግዳ ነው። ጥናቱ ስለ ምግብ ሲሆን ይህ የአተያይ ልዩነት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ሥርዓቱ ከደጅ ይጀምራል። መጤው ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። ሲገባ የተቀመጡት ተነሥተው «ኖር» ይሉታል፤ እርሱም «በእግዜር» ይላቸዋል። መሽቶበት ማደሪያ ለሚለምን መንገደኛ የተለመደው መልስ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል በመሆኑ፣ ባለቤቱ ችግሩን ምክንያት አድርጎ እንግዳ ለመመለስ ይከብደዋል። የቤተሰቡ መነጋገሪያ ኽምጣና በሆነበት ቤት፣ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ የመስተንግዶውን አማርኛ ብቻ ይረዳል፤ ከጎረቤት ምን እንደሚበደር በጓዳ የሚመከረውን አይረዳም።

ዋናው ፈተና ማዕዱ ነው። የመጀመሪያው «በቃኝ» እንደ እምቢታ አይቆጠርም፤ «በሞቴ» የሚል ልመና ይከተለዋል። ጨርሶ አለመቅመስ ቤቱን እንደ መናቅ ይታያል። ሁሉንም መጨረስም ነውር ነው፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚበሉት ከእንግዳ የተመለሰውን ነውና። ጨዋ እንግዳ ጥቂት ጎርሶ፣ አመስግኖ፣ አትርፎ ይነሣል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ያለመ ነው። እንዲህ ላለው ዓላማ የሚደረግ ጥናት ከሚገለገልባቸው መሣሪያዎች አንዱ ቤተሰቡ ባለፉት 24 ሰዓታት የተመገበውን በ12 የምግብ ምድቦች የሚመዘግብ መጠይቅ ነው። ትናንት እንግዳ ከነበረ ለእርሱ የተጠበሰው እንቁላል የቤተሰቡ ምግብ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። በረቡዕና በዓርብ ጾም ማግስት ደግሞ የእንስሳት ተዋጽኦ መጥፋቱ የድህነት ምልክት ላይሆን ይችላል። እንግዳዋን አሁን ያበላች እናትም ወዲያው «በቤቴ ምንም የለም» ብትል መስተንግዶዋን ራሷ ያፈረሰች ይመስላታል። ርዳታ ሲጠበቅ መልሱ በተቃራኒው ሊያዘነብል መቻሉም አይዘነጋም።

ስለዚህ ጥያቄው ምጣድ ከመጣዱ በፊት ቢጠየቅ ይመረጣል። «ትናንት ምን ተበላ?» ከሚለው ቀጥሎም «ማን በላው?» የሚል መጨመር አለበት፤ የእንግዳውና የልጁ ድርሻ የሚለየው በዚህ ነው።