ስለ አይሮፕላን የጅራት መሪና በፎም አይሮፕላን ላይ ስለ መግጠሙ

ፈረስ ጕልበት ቢኖረው ልጓም ከሌለው ለተቀማጩ አደጋ ነው። አይሮፕላንም እንዲሁ ነው። ሞተር ወደ ፊት ይስበዋል፥ ክንፍም በአየር ላይ ይሸከመዋል፤ መሪ ከሌለው ግን ነፋስ ወደ ወደደው ይወስደዋል። ስለዚህ በአይሮፕላን ጅራት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው መሪ ሥራው ምን እንደ ሆነ፥ መምህራንም ከፎም በተሠራ ትንሽ አይሮፕላን ላይ እንዴት ሊገጥሙት እንደሚችሉ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ለወለጋ ሰው የአይሮፕላን ነገር እንግዳ አይደለም። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፥ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት የኢጣልያ አይሮፕላኖች በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ባረፉ ጊዜ፥ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት አደጋ ጥለው አቃጠሏቸው፤ ከሞቱትም መካከል ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ሽማግሎች ይህን ታሪክ ለልጆች ሲነግሩ፥ መምህሩ የመሣሪያውን ጥበብ ቢጨምርበት፥ አባቶች በጀግንነት የገጠሙትን ነገር ልጆች በዕውቀት ይገዙታል።

የመሪን ጥቅም አስቀድመው በመከራ የተማሩት ዊልበርና ኦርቪል ራይት የሚባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። በ1895 ዓ.ም. ያለ ሞተር በሚንሳፈፍ አይሮፕላን ሲሞክሩ በጅራቱ ላይ የማይነቃነቅ ገበታ አቁመውበት ነበር። ይሁን እንጂ አይሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል፥ ያ ገበታ በማቃናት ፈንታ እያሽከረከረ ወደ መሬት ያወርደው ነበር። ምክንያቱን መርምረው ገበታው እንዲዞር ባደረጉት ጊዜ ታዘዘላቸው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም. ሞተር ገጥመው በመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ በአየር ላይ ቆዩ።

የመሪው አሠራር እንዲህ ነው። መሪው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚመጣው አየር ይመታውና ጅራቱን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ አፍንጫውም ወደ ቀኝ ይዞራል። የክንፎቹ ጫፎች ጥቂት ወደ ላይ የቀኑ ከሆነ፥ የግራው ክንፍ የበለጠ ተሸካሚ አየር ስለሚያገኝ ከፍ ይላል፤ አይሮፕላኑም አዘንብሎ በመልካም ይዞራል። ክንፉ ፈጽሞ ዝርግ ከሆነ ግን በጭቃ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ በሚገባ አይዞርም።

በገበያ ከሚሸጡት በሬዲዮ የሚመሩ ትንንሽ የፎም አይሮፕላኖች አንዳንዶቹ የጅራት መሪ የላቸውም፤ ሁለት ሞተር ብቻ ነው ያላቸው። ወደ ቀኝ ለመዞር የግራው ሞተር ይበረታል። ሞተሮቹ የጠፉ እንደ ሆነ ግን የሚመራቸው ነገር የለም። የጅራት መሪ ግን አይሮፕላኑ አየሩን እየቀደደ እስከ ሄደ ድረስ ይሠራል።

አገጣጠሙም ይህ ነው። አንደኛ፥ በጅራቱ ላይ የቆመውን ገበታ የኋላውን ሲሶ በስለታም ምላጭ ቁረጡ። ሁለተኛ፥ የተቆረጠውን ጠርዝ ከሁለቱም ወገን አሹሉትና፥ እንደ መጽሐፍ ገጽ እንዲታጠፍ በቀጭን ፕላስተር መልሳችሁ አያይዙት። ሦስተኛ፥ ሰርቮ የሚባለውን ትንሽ ማዞሪያ ሞተር በክንፉ አጠገብ አስቀምጣችሁ፥ ከመሪው ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኙት፤ የሬዲዮው መቀበያም ለሰርቮ የሚሆን ትርፍ መስመር ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። አራተኛ፥ ለነጭ የማሸጊያ ፎም የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ፤ ሱፐር ግሉና ቤንዚን ያቀልጡታልና።

ጅራቱ ክብደት ስለ ጨመረ ሚዛኑን መመርመር ይገባል። ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ጀምሮ የክንፉ ወርድ ሩብ ወይም ሲሶ በሚሆንበት ቦታ፥ አይሮፕላኑን ከሥር በሁለት ጣት አንሡት። ጅራቱ ከወደቀ በአፍንጫው ላይ ጥቂት ጭቃ ወይም ሳንቲም ጨምሩ፤ አፍንጫው በመጠኑ ዝቅ ቢል ይሻላል።

በሬዲዮ የሚመራውን ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድና ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤትም ከዚህ ትምህርት አይጐድልም፤ ከማሸጊያ ፎም ክንፍና ጅራት ቈርጦ፥ መሪውን በእጅ ጥቂት አጥፎ መወርወር ይበቃል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፥ ሰውና ከብት ከሌለበት፥ የኤሌክትሪክ ሽቦም ከራቀ ሜዳ ላይ ተማሪዎች መጀመሪያ መሪውን ቀጥ አድርገው፥ ኋላም ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያጠፉ ይወርውሩ፤ የወደቀበትንም ስፍራ በየጊዜው ይጻፉ። ከመወርወራቸው በፊት ወዴት እንደሚዞር አስቀድመው ይናገሩ፤ የተናገሩትና የሆነው ሲለያይ መምህሩ መልሱን አይንገራቸው፤ ክንፉን፥ ሚዛኑንና መሪውን በየተራ መርምረው ራሳቸው ያግኙት።