ማሸት ገበያ አለው፤ ክኒን ግን አይተካም

የቡና ለቀማ ሲደርስ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በሸዋ ቤንች ብር መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከሌላ አካባቢ የሚመጣው ለቃሚ ቅርጫት ታጥቆ ሲያጎነብስ ይውላል፤ ተሸካሚውም ጆንያ ሲጭን ያመሻል። ማታ ወገብና ትከሻ ሲይዝ የሚፈለገው ወጌሻ ነው። ቅቤውን ቀብቶ ያሻል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። አዲስ አበባ ላይ ይኸው ሥራ «ማሳጅ» የሚል ስም አውጥቶ፣ የቤት ኪራይ እየከፈለና ታፔላ ሰቅሎ ይነግዳል።

ከደንበኞቹ መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችም አሉ። በ2010 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተሞች በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆነ ነዋሪዎች 3 በመቶው ከቫይረሱ ጋር እንደሚኖሩ ታይቷል። ታዲያ እነዚህ ደንበኞች ከፍለው የሚገዙት ምንድን ነው?

ጥያቄው በውጭ አገር ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ የማያሚ ጥናት፣ 20ዎቹ ቫይረሱ ያለባቸው 29 ወንዶች ለአንድ ወር ያህል በሳምንት አምስት ቀን ታሹ። ጭንቀታቸው ቀለለ፤ አንድ ዓይነት የመከላከያ ሕዋስም ጨመረ። የበሽታው ዋና መለኪያ የሆነው ሲዲ ፎር ግን ፈቀቅ አላለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አራት ጥናቶችን የመረመረ ግምገማም ማሸት ኑሮን እንደሚያቀል ደግፏል፤ ጥናቶቹ ግን ትናንሽ ነበሩ። በነጋዴ ቋንቋ፣ የሚሸጠው ዕቃ ዕፎይታ ነው። ዕፎይታም ዋጋ አለው፤ «በሽታውን ከሰውነትህ አወጣዋለሁ» የሚል ወጌሻ ግን ሚዛን ያጭበረብራል። እሱን አምኖ ክኒኑን ያቆመ ሰው ውሎ አድሮ ቫይረሱ መልሶ ይበረታበታል፤ ኪሳራው የቀን ሥራው ብቻ አይሆንም።

መድኃኒቱ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነጻ ይሰጣል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም ሕመማቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር ክኒን በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር አለ። መስከረም ላይ ይዞ የወጣ ለቃሚ እስከ የካቲት ያደርሰዋል፤ ለቀማው ከማለቁ በፊት ቀጠሮ ብሎ አይመለስም። ሠራተኛ የሚያሰባስቡ ደላሎች ይህንን ማንንም ለይተው ሳይጠይቁ ለሁሉም ቢናገሩ ወጪ የለውም። ቀጣሪውም ቢሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግ አይፈቀድለትም።

የሚያሸው ሰው ሊፈራ አይገባም፤ ቫይረሱ በቆዳ ንክኪ አይተላለፍም። ነገር ግን ክፍት ቁስል፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ትኩሳት ወይም በአንድ እግር ላይ ድንገት የመጣ እብጠት ካለ አይታሽም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። እግሩን የሚያቃጥለውና የሚደነዝዘውም እንዲሁ መጀመሪያ ለባለሙያ ይታይ፤ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያስቡትም፤ ቅቤና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳል፣ ይበጥሳልም። የታሸ ሰው ከዚያ በፊት ቅባቱን በሳሙና ታጥቦ ማስለቀቅ አለበት።