አንዱ ሲጠነክር ሌላው ለምን ይመታል? የጠረጴዛ ጨዋታ ሒሳብ

«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት የምናብ ጨዋታ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ጭራቆቹንና የቀረውን ዓለም ያንቀሳቅሳል። ያሰባችሁት ነገር ይሳካ አይሳካ የሚወስነው በአብዛኛው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። ዳይስ ባለበት ፕሮባቢሊቲ አለ፤ ፕሮባቢሊቲ ባለበት ደግሞ ካልኩሌተር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ገጸ ባሕርይ መሥራት በጀት እንደ መመደብ ነው። በአንዱ አሠራር 27 ነጥብ ይሰጣችሁና ለስድስት ችሎታዎች ታከፋፍላላችሁ፤ ጉልበትና ጥበብ ከነሱ መካከል ናቸው። ሁሉም ከ8 ይጀምራሉ፣ ጣሪያው 15 ነው። አንዱን ጣሪያ ለማድረስ 9 ነጥብ ይፈጃል። ሦስቱን እዚያ ካደረሳችሁ በቃ፣ የቀሩት ሦስቱ 8 ላይ ይቀራሉ።

እስቲ አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ባለሰይፍ እንውሰድ። በሚወጣለት የዳይስ ቁጥር ላይ 7 ይደምራል፤ ድምሩ የጭራቁን የመከላከያ ቁጥር ከደረሰ ወይም ካለፈ መታው ማለት ነው። ሲመታ በአማካይ 11 ጉዳት ያደርሳል። መከላከያው 15 ከሆነ 8 እና ከዚያ በላይ ይበቃዋል፤ ከ20 ገጽ 13ቱ ማለት ነው፣ 65 በመቶ። 0.65 × 11 = 7.15። «ግሬት ዌፐን ማስተር» የሚባል ችሎታ ካለው ደግሞ ከ7ቱ ላይ 5 ቀንሶ ጉዳቱ ላይ 10 መጨመር ይችላል። ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል፣ አማካዩ ግን 8.4 ይሆናል። አሪፍ! ነገር ግን መከላከያው 18 ከሆነ ተራው ምት 5.5፣ ከባዱ 5.25 ነው። (ዳይሱ 20 ሲያወጣ የሚጨመረውን ጉዳት ለማቅለል ትቼዋለሁ።)

አሁን ደግሞ ጓደኛውን እናስገባ። ጓደኛው ከራሱ ምት አንዱን ትቶ መከላከያው 15 የሆነውን ጭራቅ ገፍቶ ቢጥለው፣ አጠገቡ ሆኖ የሚመታው ባለሰይፍ ሁለት ዳይስ ወርውሮ የሚበልጠውን ይወስዳል። ሁለቱም የመሳታቸው ዕድል 0.6 × 0.6 = 0.36 ስለሆነ ከባዱ ምት የሚሳካበት ዕድል 64 በመቶ ይደርሳል፣ አማካዩም 13.44። ከ8.4 ተነስቶ እዚህ ያደረሰው የጓደኛው ግፊያ ነው፤ የሚጨበጨበው ግን ለባለሰይፉ ነው። ጉዳት ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ለገፋው ልጅ ዜሮ ይጽፍለታል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ አላምንም።

ነገሩ የሚከፋው ግን መከላከያ ላይ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ አንዱ ከእግር እስከ ራሱ ብረት ለብሶ መከላከያውን 22 አድርሷል እንበል፣ የጓደኛው 15 ነው። 7 የሚደምር ጭራቅ ብረት ለባሹን የሚመታበት ዕድል 30 በመቶ፣ ጓደኛውን 65 በመቶ ነው። ብረት ለባሹ ማዛጋት ይጀምራል። መሪው ታዲያ ምን ያድርግ? 12 የሚደምር ጭራቅ ያመጣል። ብረት ለባሹ ላይ ዕድሉ 55 በመቶ ሲሆን ጨዋታው ይጥመዋል፤ ጓደኛው ላይ ግን 90 በመቶ ይሆናል። ምንም ያላጠፋው ልጅ በየዙሩ መሬት ላይ ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም መምጣቱን ቢተው አይገርምም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ 35 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ የዳይስ ገጽ 5 በመቶ ስለሆነ 7 × 5 = 35፤ መሪው ጭራቅ በመለዋወጥ አያጠፋውም። ሁሉም 22 ቢኖራቸው ኖሮ ጭራቆቹን ከፍ አድርጎ ማንንም ሳይጎዳ ይቀጥል ነበር።

ብልህ መሪ ግን ብረት የማይከላከለውን ነገር ያመጣል። ፍርሃት የሚለቅ ምትሃት የሚመከተው በጥበብ ነው። ብረት ለባሹ ጥበቡን 8 ላይ ትቶት ከሆነ ከዳይሱ ላይ 1 ይቀነስበታል፤ 13 መድረስ ካለበት ዕድሉ 35 በመቶ ብቻ ነው። ጥበብ ላይ ነጥብ ያፈሰሰው ጓደኛው 6 የሚደምር ከሆነ ግን 70 በመቶ አለው። ብረት ለባሹ ሲሸሽ፣ ቆሞ የሚዋጋው እሱ ሊሆን ይችላል።