በጀርባ ቦርሳ፣ በቀላል ወጪ፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ የሚደረግ ጉዞ ለአርሶ አደሩ ምን ይተርፈዋል?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ይሁንና ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው መሄድ የሚሻ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ አዲስ አበባ መግባት ይኖርበታል። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መስመር ላይ ስለሚገኙ ሚኒባሶቻቸው የሚነሡት ከአየር ጤና፣ ከአስኮና ከአዲሱ ገበያ ነው።

የዚህ አቀማመጥ ውጤት በትራንስፖርት ወጪ ብቻ አይወሰንም። ጠዋት ወጥቶ አካባቢውን የተመለከተ ጎብኚ ማታ ተመልሶ የሚያድረው መዲናዋ ውስጥ ነው። እራቱንም አልጋውንም የሚከፍለው እዚያው በመሆኑ፣ ደኑንና መስኩን ጠብቆ ላቆየው አርሶ አደር የሚተርፈው የመኪና አቧራ ነው።

ከዚህ የተለየ ጎብኚ አለ። ልብሱን በጀርባ ቦርሳ ይዞ፣ በሕዝብ ማመላለሻ እየተሳፈረ፣ ባነስተኛ ገንዘብ ለሳምንታት የሚዘዋወር ነው። ብዙዎቹ የሚጓዙት ጥንድ ሆነው ሲሆን፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ አልጋ ለሁለት ይበቃል፣ አንድ ትሪ ምግብም ለሁለት ይቀርባል። በሆቴል ባለቤቶች ዘንድ እንዲህ ያለው ተጓዥ «ገንዘብ የሌለው» ተብሎ ይናቃል። ስሌቱ ግን የተሳሳተ ነው። ይህ ተጓዥ በቀን የሚያወጣው ጥቂት ቢሆንም፣ የሚያወጣው ከሻይ ቤት፣ ከእንቁላል ሻጭ፣ ከመንገድ መሪ ወጣትና ከአርሶ አደር ቤት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሥር የነበሩት አገሮች ናቸው። ጥንድ ተጓዦች ከጆርጂያ ወደ አርሜኒያ የሚሻገሩት «ማርሽሩትካ» በሚባል ሚኒባስ ሲሆን፣ እንደ እኛው ታክሲ ሳይሞላ የማይነሣ ነው። አርሜኒያና አዘርባጃን ጎረቤታሞች ቢሆኑም የጋራ ድንበራቸው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ዝግ በመሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ተጓዥ በጆርጂያ በኩል መዞር ለምዷል። ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን እንደ መርገጥ ያለ ነው። በጆርጂያ ስቫኔቲ ተራሮች ከመስቲያ እስከ ኡሽጉሊ በእግር አራት ቀን ያህል ሲጓዙ፣ የሚያድሩት በመንደርተኛው ቤት፣ የሚበሉትም ባለቤቲቱ የጋገረችውን ዳቦና ያዘጋጀችውን አይብ ነው። ኪርጊዝስታን ውስጥም እረኛ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ ተደራጅተው እንግዳ ያሳድራሉ።

አሠራሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰሜን ወሎ መቄት አርሶ አደሮች የራሳቸውን የእንግዳ ማረፊያ ሠርተው የእግር ተጓዦችን ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። ወንጪና ጮቄም በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከተመረጡት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

በሦስቱ ከተሞች ዙሪያ እንዲህ ያለ ጉዞ መንገዱ አለው። መነሻው ሰበታ ነው። ከዚያ ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚያስገባ ኮረኮንች መንገድ አለ። ደኑ የወጨጫን ተራራ ተደግፎ እስከ 3,385 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይገኙበታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። የደኑ ዋና ጥቅም ለዚህ ጉዞ ግን ሌላ ነው፤ በአንድ በኩል ከሰበታ፣ በሌላ በኩል ከሆለታ ስለሚገባበት፣ በእግር የሚሄድ ሰው አዲስ አበባን ሳይረግጥ ከጅማ መስመር ወደ አምቦ መስመር ይሻገራል።

ከሆለታ ወደ ቡራዩ ሲመለሱ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች ቀዳሚው ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ በዚያ ስለሚታይ ወፍ ተመልካቾች ያውቁታል። ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ ግን የእንጦጦ ተራራ ስለሚጋርድ፣ በአስኮና በአዲሱ ገበያ ዞሮ በሚኒባስ መሄዱ ይቀላል።

ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አላት። አየሯ ሯጮችን ይስባል፤ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያያ መንደር የሚገኘውም እዚያው ነው። ይሁን እንጂ ለገጠሩ ነዋሪ ትልቁ ሀብት ሜዳው፣ ማለትም ድርቆሹና ወተቱ ነው። በጾም ወቅት የወተት ገበያ እንደሚቀዘቅዝ እያንዳንዱ አርቢ ያውቃል። የውጭ ተጓዥ ግን ረቡዕና ዓርብን ለይቶ አይጾምም፤ ትኩስ ወተትና እርጎ ካገኘ ይገዛል። ሁለት ብርጭቆ ወተት የአርቢን ኑሮ አይለውጥም። በሌላ በኩል፣ ከአልጋ፣ ከቁርስና ከመንገድ መሪ ክፍያ ጋር ሲደመር፣ በከተማ መስፋፋት ማሳው ለተጣበበ ቤተሰብ መሬቱን ሳይለቅ የሚያገኘው ተጨማሪ ገቢ ይሆናል።

ዝግጅቱ ግን ገና ነው። እንዲህ ያለው ተጓዥ ቅንጦት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ንጹሕ አንሶላ፣ የሚዘጋ በር፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና የፈላ ውኃ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው ዋጋ በፊቱ ሲለወጥ ነው። የአንድ መንደር ነዋሪዎች የአልጋውን፣ የምግቡንና የመሪውን ዋጋ ተስማምተው ከለጠፉ፣ እንግዶችንም በየተራ ከተቀበሉ፣ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። የእንግዳውን ማንነት መዝግቦ ለቀበሌ ማሳወቅም ለአስተናጋጁም ለተጓዡም ደኅንነት ይበጃል። ተጓዡ በበኩሉ ከመነሣቱ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅ፣ ለደኑ መግቢያ መክፈልና ማሳ ውስጥ አለመርገጥ ይጠበቅበታል።

ጊዜም መመረጥ አለበት። በክረምት የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ስለሚያቁር በእግር አይቋረጥም፤ የሱባ መንገድም ጭቃ ይሆናል። ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ ከፈነዳ በኋላ ግን መንገዱ እየደረቀ ይሄዳል፤ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ ሲከመር ደግሞ ሜዳው ለእግረኛ ይከፈታል።