«ልቤ አላርፍ አለኝ»፦ ስለ መንፈስ ዕረፍት ማጣት



ወደዚህ አገር ከገቡ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ሰዎች ተረጋግቶ መቀመጥ ያቅታቸዋል። ሌሊት እንቅልፍ ይሸሻቸዋል፤ ቀን የጀመሩትን ሳይፈጽሙ ይነሣሉ፤ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ። ይህ ዕረፍት ማጣት ብቻውን የአእምሮ በሽታ አይደለም፤ የእርግማን ወይም የስንፍና ምልክትም አይደለም። አገር፣ ቋንቋና የኑሮ ሥርዓት ባንድ ጊዜ የተለወጠበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ነው።

ምክንያቱ በየቤቱ ይለያያል። በጎንደር ገጠር በዝናቡና በመከሩ ይመራ የነበረ ገበሬ እዚህ በሰዓት ሲታዘዝ፣ ሥራው የራሱ አልመስል ይለውና ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ልጆች ዕብራይስጡን ቀድመው ስለሚይዙ አባት በቤቱ መደመጡ የቀረ ይመስለዋል። የየመሥሪያ ቤቱ ወረፋና ቀጠሮም አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ የቀሩትን ወላጅና ወንድም እኅት መጠበቅ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው እንዴት ይረፍ?

አጥብቄ ለማስገንዘብ የምፈልገው ለሐኪም ስለ መናገር ነው። እኛ ኀዘንንና ጭንቀትን በልብና በሆድ እንገልጻለን፤ «ሆድ ካገር ይሰፋል» ብለንም ችለን እንይዛለን። የዚህ አገር ሐኪም ግን «ልቤን ያመኛል» ሲባል የሚረዳው የሥጋውን ልብ ነው። እኔ ራሴ በመጣሁበት ዓመት እንዲህ ብዬ የልብ ምርመራ ተደረገልኝ። ልቤ ጤነኛ መሆኑ ከተነገረኝም በኋላ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ማደሬ አልቀረም፤ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርሁም። ስለዚህ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ፣ ምግብ ይበሉ እንደ ሆነ፣ ነገሩ መቼ እንደ ጀመረና ምን እንደሚያስጨንቅዎ በግልጽ ይናገሩ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ በልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪ እንዲገኝልዎ ክሊኒኩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝ አይሥጉ፤ የሚወሰደው ጥቂት ነው፣ ሰውነትም ይተካዋል። በአንገት ያለው የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሰውየውም ዕረፍት ያጣል። በደም ውስጥ የብረት ማነስም ሌሊት እግርን ሊያቁነጠንጥ ይችላል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ቡናን በተመለከተ፣ ተዉት አልልም፤ እኔም አልተውሁም። ነገር ግን አቦሉም በረካውም ከቀትር በፊት ቢጠጣ ለእንቅልፍ ይሻላል።

ሁኔታው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ከሥራና ከምግብ ከከለከለዎ፣ ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የአገሪቱ ነዋሪ የኩፓት ሖሊም አባል የመሆን መብት አለው፤ ከ2015 ወዲህም የአእምሮ ጤና ሕክምና በዚያው በኩፓት ሖሊም በኩል ይሰጣል። ሐኪሙም ሆነ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የነገሯቸውን ምሥጢር እንዲጠብቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ዝም አይሉም።

ራስዎን ወይም በቤትዎ ያለን ሰው የመጉዳት ሐሳብ ቢመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ። በ101 አምቡላንስ ይጥሩ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) ይሂዱ። ሌሊት የሚያነጋግሩት ሰው ቢያጡ የኤራን ስልክ 1201 ነው፤ በማንኛውም ሰዓት መልስ ይሰጣሉ።